ሌሊት 8 ሰዓት ከ40፣ 34 ዲግሪ

የቢሮአችንን ኔትወርክና ሰርቨሮች የሚከታተለው ሲስተም አንድ ነገር ሲበላሽ ኤስኤምኤስ ይልክልኛል፤ ስለዚህ ስልኬ ትራሴ ስር ነው የሚያድረው። የዚያን ሌሊት መንዘር ጀመረና አላቆም አለ። ሜክሲኮ ያለው ቢሮአችን መብራት ሄዶበታል። እኔ ያለሁት አያት ሰፈር፣ ቤቴ ነው።

የየፎቁ ስዊቾች፣ ማለትም የኔትወርክ ገመዶች የሚገናኙባቸው ሳጥኖች፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የላቸውም፤ አንድ ላይ ወደቁ። ከእነሱ ስር ያሉት ካሜራዎችና የዋይፋይ ሳጥኖችም ተከተሏቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ኤስኤምኤስ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ደግሞ «ተመልሷል» የሚል ሌላ ዙር መጣ። በኋላ ስቆጥራቸው 94 ነበሩ። አንዷ ብቻ እንዲህ ትላለች፦ «ሰርቨር ሩም፣ ሙቀት 34፣ 02:40»።

ሰርቨሮቹ ዩፒኤስ ስላላቸው አልጠፉም። ኤሲው ግን የለውም። መብራት ሲቋረጥ ይጠፋል፤ የእኛው ደግሞ መብራት ሲመለስ ሰው ካልነካው አይነሳም። ስክሪኑ ላይ ሰርቨሮቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነው፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ እየተቀቀሉ ነው።

የጥበቃው ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስተኛ ፎቅ ይውጡልኝ።»

«ምነው ልጄ፣ ሌባ ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ ኤሲው ጠፍቶ ነው።»

ወጡ። ሪሞቱን ፈለጉ፣ አጡት። ለካ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ብዙ ኤሲ ሪሞት ሳያስፈልግ የሚያስነሳው ትንሽ ቁልፍ ከፊት ክዳኑ ስር አለው፤ ያኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፤ ከእንግዳ መቀበያው ፋን አምጥተው በሩ ላይ አቆሙልኝ። እኔ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ቁጥሩን አያለሁ። 37፣ 38፣ ከዚያ 36። ያቺን 36 መቼም አልረሳትም። ስደርስ ጋሼ ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

ጠዋት በጣም ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። የሳምንቱ ተረኛ እኔ አልነበርኩም፤ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። መልዕክቷ እሱም ጋ ደርሳለች፤ አይቷታልም። 02:40 የሚለውን ግን ማታ 2 ሰዓት ከ40 ብሎ ነው ያነበበው። ኤስኤምኤስ ዘግይቶ ሲገባ አዲሳችን አይደለም፤ ያለፈ ነገር መስሎት ተመልሶ ተኛ። አልፈረድኩበትም። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋል፣ እኛ በራሳችን እንኖራለን። አሁን መልዕክቱ «ሌሊት 8:40» ብሎ ይመጣል። ማስተካከሉ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሌላው ሥራ ዝም ማሰኘት ነው። አንድ ስዊች ከወደቀ ከሱ ስር ያሉት ሁሉ አይናገሩም። ዩፒኤሱ «በባትሪ ላይ ነኝ» ካለ የየፎቁ ስዊቾችም ይጠብቃሉ፤ መብራት እንደሄደ አንዴ ሰምተናል። «ተመልሷል» የሚለው በኢሜይል ብቻ ይሄዳል። አለቃዬ ይህን ስነግራቸው «አንድ ነገር ቢያመልጠንስ?» አሉ። ከ94 መልዕክት መሃል አምልጦን ነበር እኮ።

የሙቀቱን ልክም ቀየርኩ። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ለእንዲህ ያለ ክፍል የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ስለዚህ 28 ላይ ቢጫ፣ 32 ላይ ቀይ። ያውም አምስት ደቂቃ ሲቆይ ብቻ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ሰው እንዳይቀሰቅስ። ቀዩ መልዕክት ውስጥ ቁጥሩ ብቻ አይደለም ያለው፤ «ጥበቃ ጋ ደውል፣ ኤሲውን አስነሳ» ይላል። ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ማሰብ ሊጠበቅበት አይገባም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። መልዕክቶቹ የሚወጡት ሲም ካርድ ባለው ትንሽ ሞደም ነው። በቢሮው ኢንተርኔት ቢሆን ኖሮ፣ መስመሩ የተቋረጠ ቀን መቋረጡን የሚነግረን አይኖርም ነበር። ይህን ያላደረጋችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አድርጉት።

የዩፒኤሱን ባትሪዎችም ቀድመን እንድንቀይር ጠይቄያለሁ። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የእኛዎቹ ደግሞ በሙቀት ብዙ ያዩ ናቸው። ግዥው ገና አልጸደቀም።

ኤሲው ላይ በራሱ የሚነሳበትን ሴቲንግ የሚያውቅ ቴክኒሻን አግኝተን አስተካክሎልናል። ሪሞቱ ግን በገመድ ታስሮ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ጋሼ ናቸው የሰቀሉት።