የተዝለገለገው ፍላስክ

ከደሴ ሐረጎን እየወረድሁ ኮምቦልቻ ወዳለ አንድ ቤተ ሙከራ በምመላለስበት ጊዜ የተሰጠኝ ሥራ፣ አዞቶባክተር ቪኔላንዲ የተባለውን የአፈር ባክቴሪያ ናይትሮጅን በሌለው የስኳር መረቅ እያራባሁ ለማሳ ሙከራ ማዘጋጀት ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ከማወዛወዣው ማሽን ላይ (እኛ «እሽሩሩ» እንለዋለን) ስድስት ፍላስኮች (የመስታወት ጠርሙሶች) ሳወርድ ሦስቱ እንደ ወትሮው ቀጭን ፈሳሽ ሲሆኑ፣ ሦስቱ ግን ሲዘፈዘፍ እንዳደረ ተልባ ተዝለግልገው አገኘኋቸው። በፒፔት (በፈሳሽ መሳቢያ ቱቦ) ስስበው ጠብታው አልቆረጥ ብሎ እንደ ክር ተንጠለጠለ።

ሌላ ተህዋስ ገብቶበታል ብዬ ደመደምሁ፤ ይባስ ብዬም ዓርብ ዕለት መረቁን የቀዳችውን ጀማሪ ባልደረባዬን በሰው ፊት ወቀስኋት። እሷ ግን ሳትቆጣ፣ «ጋሼ፣ ከመድፋትዎ በፊት በማይክሮስኮፕ ይዩት እንጂ» አለችኝ። ስላይዱ ላይ ባክቴሪያው ካደገበት ፈሳሽ ጋር አንድ ጠብታ ጥቁር የቻይና ቀለም ደባልቄ ሳይ፣ ሴሎቹ በሙሉ ያው የማውቃቸው ሞላላዎች ሲሆኑ፣ ቀለሙ ከየሴሉ ዙሪያ ሸሽቶ ሰፊ ነጭ ቀለበት ትቶ ነበር። በሳህን ላይ የዘራነውም ከቀናት በኋላ አንድ ዓይነት የባክቴሪያ መንጋ (ኮሎኒ) ብቻ አበቀለ።

ልዩነቱ የተገኘው ከማስታወሻዋ ነው። መረቁ ስላነሳት፣ በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስኮች ሦስቱ ላይ 150፣ በቀሩት፣ በተዝለገለጉት ላይ ግን 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ቀድታ ነበር። ጥቂት ፈሳሽ ሲወዛወዝ ብዙ አየር ያገኛል፤ ለዚህ ባክቴሪያ ደግሞ አየር እንጀራውም ጠላቱም ነው። ናይትሮጅንን ወደ አሞኒያ የሚለውጥለት ኢንዛይም፣ ናይትሮጅኔዝ፣ በኦክስጅን ይበላሻል፤ ባክቴሪያው ራሱ ግን ያለ ኦክስጅን አይኖርም። ስለዚህ በአንድ በኩል እጅግ ፈጥኖ እየተነፈሰ ወደ ውስጥ የሚገባውን ኦክስጅን ያቃጥላል፤ በሌላ በኩል አልጂኔት የተባለ ፖሊሳካራይድ (ረጅም የስኳር ሰንሰለት) ዙሪያውን ይለብሳል። ኦክስጅኑ ሲጨምር ይህ ሽፋን ይወፍራል፤ በውስጡም ከአልጂኔት መገንቢያዎች አንዱ የሆነው የጉሉሮኒክ አሲድ ድርሻ ከፍ ይላል። ጉሉሮኒክ አሲድ ካልሲየምን አጥብቆ ስለሚይዝ ሽፋኑ ጠበቅ ያለ ጄል ሆኖ የኦክስጅኑን መግባት ያዘገያል። አየር ሲያጥረው ደግሞ የስኳሩን ከፊል ፒኤችቢ ወደሚባል የውስጥ ስንቅ ያዞረዋል።

ይህን ግን ለባክቴሪያ ሁሉ ማዋል አይገባም፤ ቁስል የሚያመረቅዘው ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ በተቃራኒው፣ ተጣብቆ የሚኖርበትን ፖሊሳካራይድ በብዛት የሚሠራው ኦክስጅን ሲጠፋ ነው።

በማግስቱ ያው ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ወዲህ በየፍላስካችን ላይ ከቀኑ በተጨማሪ የተቀዳው መረቅ መጠንና መብራት ጠፍቶ እሽሩሩው የቆመበት ሰዓት ይጻፋል።