«ማንን መረጥክ?» ማለቱን የተውኩበት ምክንያት

ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ሱቅ አለችኝ። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ እንቁላል፣ እጣን እሸጣለሁ። ከባንኮኒው ጀርባ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። ደንበኞቼን ከስማቸው ይልቅ በአስቤዛቸው ነው የማውቃቸው። ማን ቀይ ጤፍ እንደሚወድ፣ ማን ለስንት ልጅ ወተት እንደሚገዛ፣ የማን ደመወዝ በየትኛው አርብ እንደሚገባ አውቃለሁ።

ኖቬምበር 6፣ 2024 ጠዋት ሱቁን ስከፍት ውጤቱ ታውቆ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ ተመልሰዋል። ቆጠራው ሲያልቅ ፕሬዚዳንቱን በሚወስነው የግዛቶች የወኪል ድምፅ 312 ለ226 ሆነ፤ ወሳኝ የተባሉትን ሰባት ግዛቶች በሙሉ ወስደዋል። እኛ ቨርጂኒያዎች ካማላ ሐሪስን መርጠናል። ቢሆንም ባይደን በ2020 በ10 መቶኛ ነጥብ ያሸነፉበት ግዛት ልዩነቱ ወደ 6 ወርዷል። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ሐሳቡን ቀይሯል ማለት ነው። ከእኔ ደንበኞች መካከልም ይኖር ይሆን? ማወቅ ፈለግኩ። አጠያየቄ ግን ጥሩ አልነበረም።

ሁሌ የሚመጣ አንድ ወጣት ሁለት ፓኬት እንጀራ ይዞ ሊከፍል ቀረበ። «አንተስ ማንን መረጥክ?» አልኩት። ነገረኝ። ከኋላው ተራ የያዘች ሴት ሰማች። ቃል ቃልን ወለደ። እሷ ትራምፕ በ2020 ስለ ሕዳሴ ግድብ የተናገሩትን አነሳች፤ ግብፅ ታፈነዳዋለች ያሉትን። እሱ ደግሞ በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃዋን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከምትሸጥበት ዕድል፣ ያስወጣው የባይደን መንግሥት ነው አላት። ከዚያ በኋላ ያለውን ባልጽፈው ይሻላል። ልጁ እንጀራውን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ። እሷም ቡናዋን ሳትገዛ ሄደች። ፓኬቶቹን ወደ መደርደሪያው ስመልስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለቱም የእኔ ሰዎች ናቸው። ያጣላኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ መጡ። ጋሼ እዚህ አገር የገቡት በንጉሡ ዘመን፣ ለትምህርት ነው። የሆነውን ነገርኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ ሰዎቹ ምን አጠፉ? ጥያቄሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወጣት ሆነው በቲቪ ያዩትን የ1980ውን የሬገንና የካርተር የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ክርክር አነሱልኝ። ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሬገን ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ከአራት ዓመት በፊት ከነበራችሁበት ዛሬ ይሻላችኋል ወይ አሉ። ቀጥለውም ሱቅ ገብቶ ዕቃ መግዛት ከዚያን ጊዜ ይልቅ ዛሬ ይቀላችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። «ሱቅ ያለሽ አንቺ ነሽ» አሉኝ ጋሼ። «የሱቁን ጠይቂ እንጂ የድምፁን ምን አደከመሽ?»

ያን ዕለት ማታ አሮጌውን የዱቤ ደብተር አወጣሁ። ግማሹ ባዶ ነበር። ለራሴ ጥቂት ደንብ አወጣሁ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ አልጠይቅም። ልጻፈው ወይ ብዬ ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ስም አልጽፍም። ማንን እንደመረጡ አላነሳም፤ የራሴንም አልናገርም። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ሆነ፤ «ባለፉት አራት ዓመታት ከቤትሽ ምን ቀነስሽ?»

ከኖቬምበር እስከ ፋሲካ 41 ሰው መለሰልኝ። የገረመኝ ነገር፣ ማንን እንደመረጡ ሳልጠይቃቸው አብዛኞቹ ራሳቸው ነገሩኝ። ሲጠየቅ የሚደበቅ ነገር ሳይጠየቅ ይወጣል። ደግሞም ከቤታቸው ጀምረው ስለሚያወሩ ምርጫው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው አይጮኽም።

የመጀመሪያዋ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከብ እናት ናት። አሥራ ስምንት እንቁላል ያለበትን ካርቶን ከፈተች። የተሰነጠቀ እንዳለ ለማየት እያንዳንዱን በጣቷ ጫፍ እያዞረች አየች። ሁሉም ደህና ነበር። ክዳኑን ዘጋችው፤ ትንሽ ቆመች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችውና የአሥራ ሁለቱን አነሳች። ይህን ስንት ጊዜ ዓይቼ አልፌው ይሆን? «ድሮ ልጆቹ በየቀኑ ነበር እንቁላል የሚበሉት» አለችኝ። «አሁን ቅዳሜና እሁድ ነው። በሥራ ቀን ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ።» ሐሪስን የመረጠችው በኦባማኬር፣ መንግሥት በሚደጉመው የጤና ኢንሹራንስ፣ ምክንያት ነው። በ2021 የተጨመረው ድጎማ በ2025 መጨረሻ ሲያበቃ ኢንሹራንሷ ምን ያህል እንደሚጨምር እያሰላች ትኖር ነበር። ኑሮ ግን ተሻለ አላለችም። አንድም ጊዜ።

ሁለተኛውን ስህተቴን የሠራሁት ከአንድ የራይድ ሾፌር ጋር ነው። የቀነሰው እንቅልፉን እንደሆነ ነገረኝ። በጁን 2022 ቤንዚን በአገር አቀፍ አማካይ ጋሎኑ 5 ዶላር ሲያልፍ፣ የጎደለበትን ለማካካስ ሌሊት መሥራት ጀመረ፤ እንደጀመረ ቀረ። ቀጥሎ የመኪና ኢንሹራንሱ ጨመረ። ትራምፕን መረጠ። እኔ ደግሞ ዜና ሰምቼ ነበርና ላስረዳው ሞከርኩ። «የዋጋ ግሽበቱ እኮ በጁን 2022 9.1 በመቶ ነበር፤ በዚህ ኦክቶበር 2.6 ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ዓየኝ። «እህቴ፣ ታዲያ ሽሮሽን ወደ ድሮው ዋጋ መልሺልኛ» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም። የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። በ2021 መጀመሪያ በ100 ዶላር የሚገዛው በ2024 መኸር ወደ 120 ደርሷል፤ አልተመለሰም። ደመወዝ ጨምሯል የሚለውም እውነት ነው፤ ደብተሬ ላይ ስምንት ሰው ደመወዙ እንደጨመረ ነግሮኛል። ግን አንዳቸውም ኑሮዬ ተሻሻለ ብለው አልነገሩኝም። ጭማሪውን «ሠርቼ ያመጣሁት» ይሉታል። ውድነቱን ደግሞ «ያመጡብን» ይሉታል። ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም ቁጥር አልጠራሁም። ሰው ስለ ቤቱ ሲነግርህ በአገሪቱ አማካይ ማረም ነውር ነው።

ለነገሩ የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። በምርጫው ዕለት ከተጠየቁት መራጮች 46 በመቶ ያህሉ ከአራት ዓመት በፊት ከነበሩበት እንደባሰባቸው ተናግረዋል። የጋሼ ጥያቄ በመላ አገሪቱ ተጠይቆ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን የእኛ ብቻ ነው። የምናስተዳድረው ሁለት ቤት ነው። ከ41ዱ 30ው ወደ አገር ቤት ገንዘብ ይልካሉ። ብር በጁላይ 29፣ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ገደማ የነበረው ዶላር ምርጫው ሲደርስ ከ120 በላይ ሆኗል። ወረቀት ላይ 100 ዶላራችን እጥፍ ሆነ። ስልክ ስንደውል ግን ዘይቱም፣ ጤፉም፣ መድኃኒቱም ጨምሯል ይሉናል። አንዲት እህት «ለእናቴ የምልከውን አልቀነስኩም። ከመቀነስ የጥርሴን ሕክምና አቆየሁት» አለችኝ። እንዲህ ያለው ወጪ በየትኛው መጠይቅ ላይ ይጻፋል? አሜሪካዊ ጎረቤቷ ያላት ደመወዝ አላት፤ ማድ ቤቷ ግን ሁለት ነው።

ብዙ ያስተማሩኝ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ቤት መግዛት ይፈልጋሉ። ምን እንደቀነሱ ስጠይቃቸው ሚስትየው የሱቄን ደረሰኝ ገልብጣ በእስክሪብቶ ጻፈችልኝ። 400,000 ዶላር ብድር፣ ለ30 ዓመት። በጃንዋሪ 2021 ወለዱ 2.65 በመቶ በነበረበት ሳምንት ቢበደሩ ኖሮ በወር 1,610 ዶላር ገደማ ይከፍሉ ነበር። በኦክቶበር 2023 ወለዱ 7.79 ሲደርስ ያው ብድር 2,880 ገደማ ሆነ። ቤቱ ያው፣ ደመወዙ ያው ቢሆን እንኳ በወር 1,270 ዶላር ልዩነት። ከሁለቱ ቁጥሮች በታች ሁለት ጊዜ አሰመረች። «የቀነስነው ሁለተኛ ልጅ ነው» አለች። ባሏ መሬት መሬቱን ዓየ።

እሱ ትራምፕን መርጧል፤ ወለዱ ዝቅተኛ የነበረው በእሳቸው ጊዜ ነው ብሎ። እሷ ሐሪስን መርጣለች፤ ለመጀመሪያ ቤት ገዢ እስከ 25,000 ዶላር የቅድሚያ ክፍያ ድጋፍ እሰጣለሁ ስላሉ። አንድ ደረሰኝ፣ አንድ ጭንቀት፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ድምፅ። ያንን ደረሰኝ ደብተሩ ውስጥ አጣብቄዋለሁ። ሰው በምርጫ የተለየህ በችግሩም የተለየህ ይመስልሃል። እነሱን ካየሁ በኋላ እንደዚያ ማሰብ አቃተኝ።

ሌሎቹን ላሳጥር። ሆቴል ውስጥ የሚያስተናግድ ልጅ ከቲፕ ላይ ግብር ይነሳል የሚለው ተስፋ አስደስቶታል፤ ግን በዚያ አልመረጠም። ትራምፕ በጁን ላስ ቬጋስ ላይ አሉት፣ ሐሪስም በኦገስት እዚያው ላስ ቬጋስ ደገሙት፤ «ሁለቱም ካሉት ምን ልለይበት?» አለኝ። ግሪን ካርድ ብቻ ያላቸው አምስት ሰዎችም ጠይቄያለሁ። መምረጥ አይችሉም። ነገር ግን ስለ ውጤቱ አብዝተው የሚጨነቁት እነሱ ናቸው፤ የሚጨነቁትም ስለ ዋጋ ብቻ አይደለም።

ጥምቀት ሲያልፍ ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ከእኔ ጋር የሚስማሙት ሰዎች ገጻቸው ይረዝማል። የሌሎቹ ሦስት አራት መስመር ነው። ያልተናገሩ ሆኖ አይደለም። እኔ ነኝ ቶሎ ብዕሬን ያስቀመጥኩት። ስለዚህ አጭር ወደሆነባቸው ሰዎች ተመለስኩ። ሾፌሩን ቡና አፍልቼ አስቀመጥኩት። በሌሊት ሥራው ምክንያት ልጁን ትምህርት ቤት ማድረስ እንደተወ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። በኖቬምበር አልነገረኝም፤ ወይ እኔ አልሰማሁትም።

ለሁለተኛ ጊዜ የጠየቅኳቸው በፋሲካ ጾም ነው። ሁኔታው ተለዋውጦ ነበር። በወፍ ጉንፋን ምክንያት እንቁላል አልቆ፣ በማርች 2025 የአንድ ደርዘን አማካይ ዋጋ 6.23 ዶላር ደረሰ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በአካባቢያችን የፌደራል መንግሥት ሠራተኞች ከሥራ ሲቀነሱ፣ እነሱ ቢሮ ሲገቡ ፓርኪንግ የሚሠሩት የእኛ ሰዎችም ሰዓታቸው ቀነሰ። በኤፕሪል 2 በብዙ አገሮች ላይ ታሪፍ ሲታወጅ የኢትዮጵያ 10 በመቶ ሆነ፤ ያኔ ቡናም ነበረበት። አከፋፋዬ ደወለልኝ። የቡናዬን ዋጋ ጨመርኩ። አዲሱን ዋጋ በማርከር ጽፌ መደርደሪያው ላይ ስለጥፍ ደንበኞቼ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር። ስንት ሰው ስለ ዋጋ ያማረረልኝ እኔ፣ ያን ዕለት ዋጋ ጨማሪዋ ሆንኩ።

ትራምፕን ከመረጡት ውስጥ ገሚሱ «ገና ነው፣ ጊዜ እንስጣቸው» አሉ። ሁለቱ ተጸጽተዋል። ሐሪስን ከመረጡት ውስጥም «ብለን ነበር» ያሉት ከጠበቅኩት ያነሱ ናቸው። አብዛኛው ሰው ያወራኝ ስለ እንቁላል ነው። ለዶሮ ወጥ አሥራ ሁለት እንቁላል ያስፈልጋል፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን የምንፈታው በዚያ ነው። አንዲት እናት በስድስት ይሆን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ይሆናል፣ እማማ» አልኳቸው። «አይሆንም» አሉኝ፤ አሥራ ሁለቱን ወሰዱ፤ ቅቤውን ተዉት።

የቅዳሜ ሹር ዕለት፣ ልዘጋ ስል በሩ ተከፈተ። በኖቬምበር እንጀራውን ትቶ የወጣው ልጅ ነው። አምስት ወር አላየሁትም። ከስቷል። «እንኳን አደረሰሽ» አለኝ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኩት። ሁለት ፓኬት እንጀራና አንድ ደርዘን እንቁላል አመጣ። ሱቁ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ጠየቅኩት።

«ክፍሌን» አለኝ። «ብቻዬን ነበር የምኖረው። አሁን ለሦስት ነን። ሳሎን ነው የምተኛው።»

ልጻፈው ወይ አልኩት። ጻፊው አለኝ። 41ኛው እሱ ነው። እስክጽፍ ካርቶኑን ከፍቶ እንቁላሎቹን በጣቱ ጫፍ እያዞረ ዓየ። አንዱ ተሰንጥቋል። ከሌላ ካርቶን ደህናውን አውጥቼ ቀየርኩለት።