ሰው ሳያየው

በእርሳስ እስላለሁ። እንጀራዬ አይደለም፤ ስለምወደው ብቻ ነው። የሆነ ጊዜ ላይ ግን ወረቀቱን ገና ሳወጣ "ይሄኛው ስንት ላይክ ያመጣል?" ማለት ጀመርኩ። ቀስ በቀስ የምስለው ሁሉ ፊት ሆነ፤ ያውም የታዋቂ ሰው ፊት። ሰው የሚያደንቀው እሱን ነዋ! የእኔ ነፍስ የምትወደው ደግሞ እጅ ነው። ያረጀ እጅ፣ ጅማቱ የወጣ፣ ቆዳው የተጨማደደ። እጅ ሲለጠፍ ግን ብዙዎች ዝም ብለው ያልፉታል። ስለዚህ ተውኩት።

ከለጠፍኩ በኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስልኩን በፊቱ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ አነሳዋለሁ። ከተወደደልኝ ቀኑ በሙሉ ፈካ ይላል። ዝም ከተባልኩ ቅስሜ ስብር ይላል። ማታ ደስ ብሎኝ የጨረስኩት ሥዕል ጠዋት ያስጠላኛል። ሥዕሉ ያው ነው፤ አንዲት መስመር እንኳ አልተለወጠችበትም።

ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የላይክ ቁጥር መደበቅ ይፈቅዳል፤ እሱን ሞከርኩ። ብዙም አልጠቀመኝም። ቁጥሩ ከሌላው ሰው ይደበቃል እንጂ ባለቤቱ ከፈለገ ገብቶ ያየዋል። እኔ ደግሞ ገብቶ ከሚያይ ወገን ነኝ። "ሰው ምን ይለኛል አትበል፣ ለራስህ ኑር" የሚለው ምክርም አለ። ለመናገር ቀላል ነው። ሰው ግን በሰው መካከል የሚኖር ፍጡር ነው፤ መወደድን የማይፈልግ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዓይኔን የገለጠልኝ የቆየ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ቡድን ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ "ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ" ተባሉ። ሁለተኛዎቹ ምንም ሳይነገራቸው ስለው ሲጨርሱ ድንገት ተሸለሙ። ሦስተኛዎቹ ምንም አላገኙም። ከዚያ የተወሰኑ ቀናት አልፈው ልጆቹ እንደፈለጉ እንዲጫወቱ ተተዉ፤ የመሳያው ቀለምም እዚያው ተቀመጠ። አስቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች በመሳል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት የያዘችኝ። ሽልማቱ ያው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ጉዳት ያመጣው መሸለሙ ሳይሆን ቀድሞ መዋዋሉ ነው። የእኔም ነገር ይኸው ነበር። አድናቆቱ አይደለም የጎዳኝ፤ እርሳሱን ከማንሳቴ በፊት ከአድናቆቱ ጋር መዋዋሌ ነው።

ስለዚህ ውሉን ወደማፍረስ ገባሁ። መሳል ከመጀመሬ በፊት የወረቀቱ ጀርባ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ በዚህ ሥዕል ምን ማግኘት እንደምፈልግ። "ቆንጆ እንዲሆን" ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ለምሳሌ አንዱ ላይ "አውራ ጣት ከመዳፍ ጋር የሚገናኝበት ቦታ" ይላል። ያ ቦታ አስቸጋሪ ነው። ጥላው ከበዛ እጁ ያበጠ ይመስላል፤ ካነሰ ደግሞ አውራ ጣቱ በሙጫ የተለጠፈ ይመስላል። የራሴን ግራ እጅ መብራት ሥር አድርጌ ደጋግሜ ሳልኩት። የሆነ ቦታ ላይ ጥላው ከታች ጠቆር ብሎ ወደ ላይ እየሳሳ መሄድ እንዳለበት ገባኝ፤ ጣቱም ከመዳፉ የበቀለ መሰለ። ማንም አላየኝም። ግን ብቻዬን ፈገግ ብዬ "በቃ፣ መጣ!" አልኩ።

ስጨርስ ወረቀቱን ገልብጬ የጻፍኩትን አነባለሁ። ያልኩትን አግኝቻለሁ ወይስ አላገኘሁም? መልሱን ከጎኑ እጽፋለሁ። ሰው የሚያየው ከዚህ በኋላ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሳምንት አልፎ። ያኔ ልቤ ቀጣዩ ሥዕል ላይ ስለሚሆን ላይኩ መጣም ቀረም እንደ ድሮው አያናውጠኝም።

የማሳይበትም መንገድ ተቀየረ። ድሮ "እንዴት ነው?" እል ነበር። ይሄ ጥያቄ በጨዋ ቋንቋ "አመስግኑኝ" እንደማለት ነው፤ ሰውም አያሳፍርም፣ "ውይ ሲያምር!" ብሎ ያልፋል። አሁን መሳል ለሚችል አንድ ጓደኛዬ አሳይና "ዓይንህ መጀመሪያ የት አረፈ?" እለዋለሁ። አንዴ "ትንሿ ጣት ላይ፤ ረዘመችብኝ" አለኝ። ከሙገሳ ክምር ይልቅ ይቺ ጠቀመችኝ፤ ሙገሳ ደስ ያሰኛል እንጂ ጣት አያሳጥርም።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው ከውስጡ ተነስቶ እንዲሠራ ሦስት ነገር ያሻዋል ይላሉ፦ በራሱ ምርጫ መሥራት፣ እየቻለ መምጣት፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። ሦስተኛውን ስሰማ እፎይ አልኩ። ከሰው መሸሽ አያስፈልግም ማለት ነዋ። ጓደኛዬ ሥዕሌን አይቶ ስለ ትንሿ ጣት መከራከራችን ራሱ እንድስል ይገፋፋኛል።

ይሄ ሁሉ ግን ሥራ ላይ እንዳለ አይሠራም። ደንበኛ ከፍሎ ያሠራህን ነገር "ለራሴ ነው የሠራሁት" ብትለው አያምርም፤ እዚያ የሱ አስተያየት የሥራው አካል ነው። እኔም ሰው ፊቱን እንድስልለት ሲጠይቀኝ እስላለሁ፤ ደስ እንዲለውም እፈልጋለሁ። ብቻ የዚያን ወረቀት ጀርባ ባዶውን አልተወውም። ባለፈው ለአንዱ ዘመዴ የሳልኩት ጀርባ ላይ "የግራ ጆሮ" ይላል። እሱ ዓይኖቹን ወደደልኝ። ጆሮው ግን አልተሳካም፤ እንደገና እሞክረዋለሁ።