ጣራውን አሳልፉት

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ፣ ለ2019 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ፤ ዓመቱ የጤና፣ የሰላምና የጥጋብ ይሁንላችሁ።

በየዓመቱ በዚህ ቀን አጭር የመልካም ምኞት ቃል እጽፍላችኋለሁ። ዘንድሮ ግን ጥቂት እንዳረዝም ፍቀዱልኝ፤ ባለፈው ሐምሌ ያረፉትን የአንደኛ ክፍል መምህርቴን ሳላነሣ ይህን በዓል መቀበል አልቻልኩም። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሕይወት ሳሉ በአደባባይ ሲመሰገኑ የሚጨነቁ ሰው ነበሩና ዛሬም ፈቃዳቸውን ማክበር እወዳለሁ።

የተማርኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጩ ጣቶቻችንን አደንዝዞ እርሳስ ያስጥለን ነበር። እርሳቸውም ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት እጃችንን ብብታችን ውስጥ አስገብተን እንድንቆይ ያዙን ነበር። «ቀዝቃዛ እጅ ፊደል ያጣምማል» ይሉናል፤ እኛም እስኪሞቀን ድረስ በዝምታ እንጠብቃለን።

ፊደል ሲያስተምሩ በ«ሀ» አይጀምሩም ነበር። መጀመሪያ የሚጽፉት «በ»ን ነው። በግእዝ የዚህ ፊደል ስም «ቤት» መሆኑን ይነግሩንና ጠመኔያቸውን ይዘው ቤቱን ይሠሩልናል፤ አስቀድሞ ጣራ፣ ከዚያ ሁለት ምሰሶ። «ጣራውን ከምሰሶው አሳልፉት፤ ክረምት ሲመጣ ግድግዳው እንዳይበሰብስ» ይሉ ነበር። በካዕቡ ቤቱ ከወገቡ በስተቀኝ እጅ ያወጣል፤ በሣልሱ ያው እጅ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ በኃምሱ ደግሞ እግሩ ቀለበት ያጠልቃል። ሳድስ ላይ ሲደርሱ ግን ጠመኔውን አስቀምጠው ወደ እኛ ይዞሩ ነበር። ሳድስ አመለኛ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይመስልም፣ ስለዚህ እያንዳንዱን እንደ ጓደኛ በጠባዩ እወቁት የሚሉት ያን ጊዜ ነው። ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ እርሳቸውም እያንዳንዳችንን የያዙን ልክ እንደ ሳድስ እንደ ነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ማን ቁርስ ሳይበላ እንደ መጣ፣ ማን ከሰሌዳው ርቆ ሲቀመጥ ማየት እንደሚያቅተው፣ ማን ጮክ ብለው ሲጠሩት እንደሚያለቅስ ያውቁ ነበር።

ከእኔ በፊት እናቴን አስተምረዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ገና ወጣት መምህርት ነበሩ። ዘመቻው በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እንደ ተካሄደና ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. እንደ ሸለመው ኋላ አነበብኩ እንጂ ከእርሳቸው አንድም ቀን አልሰማሁም። እርሳቸው የሚያወሩት ስለ ኩራዙ ነበር፤ እናቶች ሕፃን አዝለው፣ በኩራዝ ብርሃን ዓይናቸውን እያጠበቡ እንዴት ይጽፉ እንደ ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ በጣቷ አሻራ ፈርማ አታውቅም። ስሟን ስትጽፍ እስትንፋሷን ይዛ ነው፤ ስትጨርስ ታወጣዋለች።

እንቁጣጣሽ ለእኛ የእርሳቸው በዓል ነበር። የሰፈሩ ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ በቀለም ሥለን በየቤቱ ስናድል መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ እርሳቸው ደጅ ነው። ሥዕሉን ግን ዝም ብለው አይቀበሉም። ከሥሩ የጻፍነውን «እንኳን አደረሰዎ» ድምፅ አውጥተው ያነቡታል፤ ፊደል ከጎደለ ወደ ቤት አስገብተው፣ ቄጤማው ላይ አስቀምጠው፣ እርሳስ ይሰጡናል። ካስተካከልን በኋላ ሳንቲሙና አንድ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ይከተላል። ሥዕሎቹን በሙሉ ግድግዳቸው ላይ ይለጥፏቸው ስለ ነበር አዳዲሶቹ በአሮጌዎቹ ላይ እየተደረቡ ሄዱ። መምህራችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቡና ይዛችሁ ብትሄዱላቸው ደስ ይለኛል፤ እኔ ባለፈው ዓመት ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀርቻለሁ።

ለቅሶ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሐዘን መግለጫ መዝገብ ተዘርግቶ ነበርና ተራዬ ሲደርስ ከመጻፌ በፊት ገጾቹን ገለጥኩ። የሐኪም፣ የሹፌር፣ የገበሬ፣ የመነኩሴ እጅ ጽሑፍ ነበረበት፤ አንዳንዱ ጸሐፊ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ አንዳንዱ ገና ተማሪ። ከገጽ ገጽ «በ»ዎቹን ተከተልኳቸው። ብዙዎቹ ጣራቸው ከምሰሶው አልፎ እንደ ክፈፍ ወጥቷል። ብዕሩን አነሣሁና እጄን መጀመሪያ ብብቴ ውስጥ አሞቅኩት።