ትሬንች ኮት ለሐረር አየር

ዛሬ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ሄጄ ትሬንች ኮቴን፣ ባለ ቀበቶውን ረጅም የዝናብ ኮት፣ አሳጠርኩት። አሁን ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሽቅብ ቁልቁል ለሚል ሰው ልኩ ይሄ ነው። ልብስ ሰፊው እጅጌውንም አስተካከለልኝ፤ እጁ ይባረክ!

ብዙ ሰው ይሄን ኮት የክረምት ብቻ ያደርገዋል። እኔ አልስማማም። ቶማስ በርበሪ በ1879 እ.ኤ.አ. ጋባርዲን የሚባለውን ጨርቅ እንግሊዝ ውስጥ ሲሠራ ጨርቁ ዝናብ እንዲከላከል፣ ግን አየር እንዲያስገባ አድርጎ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መኮንኖች ምሽግ ውስጥ የለበሱትም ለዚህ ነው። ትከሻው ላይ ያሉት ማሰሪያዎች የዚያን ጊዜ ናቸው።

ሐምሌና ነሐሴ ከውስጥ ሹራብ ለብሼ እስከ አንገቴ እቆልፈዋለሁ። ቀበቶውን በዘለበቱ አላስርም፤ ቋጠር ሳደርገው ወገብ ያወጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ደማቅ ሻሽ አንገቴ ላይ ጣል አደርጋለሁ። አቦ፣ የሐረር ቀለም ከኮቴ ቤዥ ጋር ሲገጥም እንዴት ያምራል! በሙቀቱ ወራት ደግሞ ስስ የጥጥ ቀሚስ ላይ ሳልቆልፍ፣ እጅጌውን ጠቅለል አድርጌ።

ድሬ ስሄድ ግን መንገድ ላይ ያለችውን ደንገጎን እንዳለፍን ይሞቃል፣ ኮቱ ክንዴ ላይ ነው። ድሬ ለታኅሣሥ ምሽት ብቻ ይሆናል፣ እሱም ገበር ከሌለው።

ሰልባጅ የምትገዙ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ። ርዝመቱን ማንም ልብስ ሰፊ ያሳጥረዋል፤ የሰፋ ትከሻ ግን ብዙ ሥራ አለው።