እስከዚህች ሰዓት፦ የደብረ ሊባኖስ ጉዞ ማስታወሻ

እናቴ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ አንድ ምሽት አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ እንደተቀመጠች «ለተክልዬ ጃንጥላ ተስያለሁ፤ እኔ ያንን ቁልቁለት ወርጄ መውጣት ስለማልችል አንቺ አድርሺልኝ» አለችኝ። ስለቱን የተሳለችው መቼ እንደሆነ ስጠይቃት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማሽኑ ጋር በተያያዘችበት ቀን መሆኑን ነገረችኝ። «ድነሽ እንኳ ሳትነሺ ስለቱን ታስገቢያለሽ?» ብላት፣ «ካደረሰኝ ብዬ ነው እንጂ ካዳነኝ ብዬ አልተሳልኩም፤ አድርሶኛል» ስትል መለሰችልኝ። ይህ መልሷ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

በዚያን ጊዜ እኔ ራሴ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበርኩ ሳልደብቅ ልናገር። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ እናቴን ይዤ እሄዳለሁ፤ ማሽኑ ደሟን እያወጣ አጣርቶ እስኪመልስ አራት ሰዓት ያህል አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚከፈለውን ገንዘብ ስፈልግ እውላለሁ። የአንገት ሐብሏ ተሸጧል፤ ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገብቷል። እኔም ጸሎት አላቆምኩም፤ ነገር ግን ጸሎቴ ሁሉ ወደ አንዲት ቃል ተሰብስቦ «ለምን?» ብቻ ሆኖ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስገባም አጥሩን ተሳልሜ፣ ጥቂት ቆሜ፣ የቆምኩበትን ሳላውቀው እወጣ ነበር።

ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐጽም የሚከበርበት በዓል ነው። የጻድቁ ዐፅም መጀመሪያ ካረፈበት ዋሻ ወደ ገዳሙ የፈለሰበት መታሰቢያ ሲሆን፣ ነሐሴ 24 ቀን ከሚውለው የዕረፍታቸው በዓል ቀጥሎ ብዙ ምእመናን ወደ ደብረ ሊባኖስ ይጓዙበታል። በዚያ ዓመት በዓሉ የዋለው ሰኞ ስለነበር፣ ቅዳሜ ከእጥበቱ መልስ እናቴን አሳርፌ፣ እሑድ ወጥቼ ሰኞ ማታ መመለስ፣ ማክሰኞ ንጋት ላይም ከጎኗ መገኘት እችላለሁ። የመንገዱ ጸጥታ ያሳሰባቸው ዘመዶቼ እንድቀር ለመኑኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ሆኖም ወይን ጠጁ የከፋይ ጃንጥላ ተገዝቶ፣ የወርቅማ ዘርፉ እንዳይበላሽ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ በር ሥር ቆሞ ሳየው መቅረት አልሆነልኝም።

ከአዲሱ ገበያ በተሳፈርኩበት መኪና ውስጥ ጃንጥላውን በጉልበቶቼ መካከል አቁሜ ተቀመጥኩ። የእንጦጦን አቀበት አልፈን ወደ ሱሉልታ ሜዳ ስንወርድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት የነጠላውን ጫፍ በጣታቸው ነካ አድርገው «የራስሽ ስለት ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «የእናቴ ነው፤ እሷ ታማ መምጣት ስላልቻለች ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው እሷም መጥታለች ማለት ነው» አሉና፣ ከአገልግላቸው ድፎ ዳቦ ቆርሰው አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ደግሞ በወረቀት ጠቅልለው «ይህ የእሷ ነው» ብለው ሰጡኝ። የትንሣኤው ወራት ገና ስላልወጣ ጾም አልነበረም። ከጫንጮ እስከ ሙከ ጡሪ ድረስ ስለ ሕመሙ አንዲት ነገር ሳይጠይቁኝ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ሲያጫውቱኝ ሄዱ። አለመጠየቃቸው ምን ያህል እንዳሳረፈኝ እሳቸው የሚያውቁ አይመስለኝም። በሽታ ያለበት ቤት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳ ይውላልና።

ደብረ ፅጌን ካለፍን በኋላ፣ ከአዲስ አበባ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፈን ቁልቁል ወረድን። ደጋው ድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል፤ ሸለቆው ሰማያዊ ጭጋግ ለብሶ ወደ ጀማ ይወርዳል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ይነጫሉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ነዳያን ተደርድረው «ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት» እያሉ ይለምናሉ፤ መንገደኛውም ሳንቲም፣ ቆሎና ዳቦ እየሰጠ ያልፋል።

ጃንጥላውን ለገዳሙ አገልጋዮች ካስረከብኩ በኋላ ሌሊቱን በማኅሌት አደርኩ። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጸናጽሉን ቀስ ብለው እያነሡና እየጣሉ ሲያሸበሽቡ፣ እኔ ከሴቶቹ ወገን ግድግዳ ተደግፌ ግማሹን በእንቅልፍ፣ ግማሹን በንቃት አሳለፍኩት። ንጋት ላይ ቅዳሴው ሲጀመር ግን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» የሚለው የቅዱስ ባስልዮስ የምስጋና ጸሎት እንደ አዲስ ተሰማኝ። በጎ ነገርን ያደረገልንን እናመስግነው ይልና ምክንያቱን ይዘረዝራል፤ ረድቶናል፣ ጠብቆናል፣ አቅርቦናል፣ ተቀብሎናል፣ አጽንቶናል ካለ በኋላ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ይላል፤ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናል ማለት ነው። ሁሉን ሰጥቶናል፣ ሕመማችንን ሁሉ አርቆልናል አላለም። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና «አድርሶኛል» ያለችኝ ቃል ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ አለቀስኩ፤ ለወራት ካለቀስኩት ልቅሶ ግን የተለየ ነበር።

በዚያ ስፍራ ይህን ጸሎት መስማት ሌላም ክብደት አለው። በ1929 ዓ.ም. በየካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ፋሺስቶች ገዳሙን ተባባሪ ነው ብለው ወነጀሉት። በግንቦት ወር ለዚሁ ለፍልሰተ ዐጽሙ በዓል ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡት መነኮሳትና ምእመናን በጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች ተከበቡ፤ በማግሥቱ፣ ግንቦት 13 ቀን፣ በከባድ መኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደተባለ ስፍራ ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ። ጣሊያኖች ራሳቸው በጊዜው ያመኑት 297 መነኮሳትንና 23 ምእመናንን መግደላቸውን ነው፤ ከቀናት በኋላም 129 ዲያቆናት እንዲገደሉ ተደርጓል። ኋላ የተደረገው ጥናት ደግሞ የሟቾቹን ቁጥር ከአንድ ሺህ በላይ ያደርሰዋል። እነዚያ አባቶች በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ፣ ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር፣ «እስከዚህች ሰዓት አድርሶናል» ሲባል ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። የእኔን ሐዘን ከእነርሱ መከራ ጋር ለማስተያየት አልደፍርም፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ግድያ በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው በዓል፣ ያው ምስጋና ሳይለወጥ ሲነበብ መስማት ጉልበቴን አጸናው።

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዋሻው ወጣሁ። ጻድቁ ከብዙ ቁመት የተነሣ አንድ እግራቸው ተሰብሮ፣ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው እንደጸለዩ የሚነገርበት ዋሻ ነው። ሰልፉ ረጅም፣ አቀበቱም አድካሚ ነው። ውስጥ ገብቼ ያየሁት ጸበል እንደጠበቅሁት የሚንዶለዶል አልነበረም፤ ከድንጋዩ ጣሪያ ጠብ፣ ቆይቶ ደግሞ ጠብ ይላል። ብርሃን ሲያገኘው ጠብታው ድንጋዩን ሳይለቅ ይከብድና ይረዝማል፤ ወድቋል ስትሉት ገና ተንጠልጥሎ ይታያል። ከፊቴ የነበረች ወጣት ልጅ ያን አንድ ጠብታ በመዳፏ ለመቀበል እጇን ዘርግታ ጸጥ ብላ ስትጠብቅ፣ ከኋላዋ የተሰለፍነው ሁላችን አብረናት ጠበቅን። ማንም «ቶሎ በይ» አላላትም።

ትንሿን ጠርሙሴን ካስሞላሁ በኋላ፣ በደጁ ተቀምጠው ለነበሩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ መስቀል ተሳልሜ የእናቴን ነገር ነገርኳቸው። ልቤ ፈርቶ ነበር፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል በሌላ ስፍራ «እምነት ካላችሁ ማሽኑን ተዉት» ያለን ሰው አጋጥሞን፣ እናቴ አንድ ቀን ቀርታ እስትንፋሷ እስኪያጥር ደርሳ ነበር። እኒህ አባት ግን በሚገባ ካዳመጡኝ በኋላ፣ «የምትጠጣው ውኃ በልክ ነው አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለውን ሕመም ያውቁታል። «ጸበሉንም በልኩ ስጫት፤ ጠብታም ይበቃል። ሕክምናውን እንዳታቋርጡ፤ ሐኪሙንም የሰጠን እርሱ ነው» አሉኝ። የክርስትና ስሟን ጠይቀው በጸሎት እንደሚያስቧት ነገሩኝ። ሕመምተኛን ከሐኪም የሚያጣላ ምክር የእምነት ብርታት ነው ብሎ የሚሰጥ ሰው ሁሉ እኒህን አባት ቢሰማቸው እመኛለሁ።

ሰኞ ማታ ቤት ስደርስ እናቴ ሳትተኛ ጠበቀችኝ። «ተቀበሉልሽ?» አለች፤ ጃንጥላውን ማለቷ ነው። ተቀብለዋል አልኳት። ወንድሜ የቀኑን የውኃ ልኳን የምንቀዳበትን ጠርሙስ አንሥቶ አየና፣ ግማሽ ሲኒ ያህል እንደቀራት ነገረን፤ ቀኑን ሙሉ ለዚህ ብላ ስትቆጥብ እንደዋለች ያወቅሁት ያኔ ነው። ጸበሉን በሲኒው ግማሽ ቀዳሁላት። አማትባ፣ ሦስት ጊዜ ፉት ብላ ጨረሰችው፤ በሲኒው ግርጌ የቀረችውንም እርጥበት በጣቷ ነክታ፣ የማሽኑ መርፌ የሚገባበትን የግራ ክንዷን ቀባችው። ከመኪናው የመጣላትን ዳቦም በጥቂቱ ቀመሰች፤ የሰጧትን ሴት ስም ጠየቀችኝ፤ ስማቸውን ሳልጠይቅ መለየቴን ስነግራት «እግዚአብሔር ያውቃቸዋል» አለች።

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ስንጠብቅ ካፊያ ይጥል ነበር። እናቴ በክንዴ ተደግፋ ቆማ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ዐየሁና ጆሮዬን ጠጋ አደረግሁ። የደረሰችበትን ስላወቅሁት፣ የቀረውን አብሬያት አልኩት።