የዴንማርክ ወንበር በዋንዛና በጠፍር

ወንበሩን የጀመርኩት ለእማዬ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ዱካ ላይ ከተቀመጠች መነሳት ፈተና ነው፤ ሶፋው ደግሞ ያሰምጣትና እጇን ይዞ የሚያነሳት ሰው ትፈልጋለች። የፕላስቲክ ወንበር ገዛንላት። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በሁለተኛው ቀን «ወገቤን አቀዘቀዘኝ» ብላ ለእንግዳ አደረገችው።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ የወንበር ፎቶ አየሁ። ጄ39 ይባላል። የሠራው ቦርገ ሞገንሰን የሚባል ዴንማርካዊ ነው፣ በ1947 እንደ ፈረንጆቹ። ሰውዬው ያኔ የዴንማርክ ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የዕቃ ንድፍ ክፍሉን ይመራ ነበር፤ ሥራውም ተራ ቤተሰብ ሊገዛው የሚችል ጥሩ ዕቃ ማውጣት ነው። ወንበሩን «የሕዝብ ወንበር» ይሉታል። አራት ክብ እግር፣ ጥቂት አግዳሚ፣ ጎበጥ ያለች አንዲት የጀርባ ሰሌዳ፣ በገመድ የተሠራ መቀመጫ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ሳየው የአያቴ የጠፍር አልጋ ትዝ አለኝ፤ «ይሄማ በእጅ የሚሠራ ነው» አልኩ።

ቅጂውን ግን አልሠራሁም። የሞገንሰን መምህር የነበረው ኮረ ክሊንት ዕቃ ከመሥራቱ በፊት የሰውን አካል የሚለካ ሰው ነበር። እኔም ከእማዬ ጀመርኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ከእግሯ ሥር ጣውላ እየደራረብኩ ጉልበቷ የሚመቻትን ከፍታ ፈለግሁ። የዴንማርኩ መቀመጫ 46 ሴንቲ አካባቢ ነው፤ ለእሷ እግሯን ያንጠለጥለዋል። 43 ላይ ተስማማን። የጀርባዋን ጉብጠት ደግሞ በወፍራም ሽቦ ወሰድኩት፤ ሽቦውን ጀርባዋ ላይ አስጠግቼ አጎበጥኩና ካርቶን ላይ በእርሳስ ተከተልኩት። «ምን እያደረግህ ነው ልጄ፣ ቀሚስ ልትሰፋልኝ ነው?» ትለኛለች።

መሣሪያዬ ጥቂት ነው፤ አንድ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ሁለት መሮ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ሞረድ፣ ስኳድራ፣ ሜትር። ማሽን የለኝም፣ መብራት ሲጠፋም ሥራዬ አይቆምም።

የመጀመሪያው ስህተት እንጨቱ ላይ ነው። «ደረቅ ነው» ተብዬ የዋንዛ ጣውላ ገዛሁ፤ እኔም አላጣራሁም። ሁለቱን የኋላ እግሮች ጠርቤ፣ ልጌ፣ አሳምሬ ግድግዳ ላይ አስደገፍኳቸው። ኅዳር ነበር፣ ያ ደረቅ ንፋስ ገብቷል። በሳምንቱ ሳያቸው አንዱ ከጫፍ እስከ መሃል ተሰንጥቋል፣ ሌላው እንደ ቀስት ጎብጧል። የአሥር ቀን ሥራ ማገዶ ሆነ። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። እንጨቱን በሚያስፈልገኝ መጠን ትንሽ አስበልጬ እቆርጥና ሱቅ ሄጄ ሚዛን ላይ አስመዝነዋለሁ፤ ክብደቱን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። በየሳምንቱ እደግመዋለሁ። መቀነሱን ሲያቆም ያን ጊዜ ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ማንም ምንም ቢል አልነካውም።

ሁለተኛውን እንጨት ያገኘሁት ሸዋ ሮቢት ካለው አጎቴ ነው። የድሮ ቤት ሲያፈርስ የወጣ የዋንዛ ወራጅ ነበረው፤ ከላይ ጥቁር ጥላሸት፣ ውስጡ ሲላግ ግን ቡናማ ሆኖ የሚያበራ። ጭኜ በጣርማ በር ሽቅብ አመጣሁት። ከቆላ ወደ ደጋ መጥቷልና እሱንም ወር ያህል ቤት ውስጥ አሳርፌዋለሁ። ይሄ ትዕግሥት መጀመሪያ አልነበረኝም።

ክብ እግር ያለ ማሽን እንዴት ይወጣል ለሚለኝ፣ ይወጣል። መጀመሪያ አራት በአራት ሴንቲ አድርጎ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ማውጣት ነው። ቀጥሎ አራቱን ጠርዝ በመላጊያ ገፎ ስምንት ማዕዘን፣ ስምንቱን ገፎ አሥራ ስድስት፣ ከዚያ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። እጅን ዘግቶ እግሩን ከላይ እስከ ታች ሲያሻሹት ዓይን የማያየውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል። አንዱ እግር አንድ ከሰዓት በላብኝ፤ ግን ከሥራው ሁሉ የወደድኩት ይሄንን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። መላጊያዬ እንጨቱን እየቦጫጨቀ አስቸገረኝ፤ እኔም ዋንዛውን ስወቅስ ሰነበትኩ። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሁሉ በእንጨት ሥራ የኖሩ ጋሼ አሉ። መጥተው ቆመው አዩኝ፤ ስለ ወንበሩ አንድ ቃል አልተናገሩም። መሮዬን አንስተው በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉና «ይሄ አይቆርጥም፣ ያኝካል» አሉኝ። መሳያ ድንጋያቸውን አምጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ አሳዩኝ። ጀርባውን መጀመሪያ መስተዋት እስኪመስል ማስተካከል፣ ከዚያ ፊቱን በአንድ ማዘንበል ይዞ መሳል፣ ጫፉ ላይ የምትወጣውን ቀጭን ቅርፊት በቆዳ ማንሳት። የክንድ ጸጉር ካልላጨ ገና ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ከመላጊያው የሚወጣው ፍቅፋቂ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆነ። አሁን በየግማሽ ሰዓቱ እስለዋለሁ።

መጋጠሚያው ላይ ምስማር የለም። አግዳሚዎቹ ጫፋቸው 1.6 ሴንቲ ወንዴ (ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ቀጠን ያለ ጫፍ) ሆኖ እግሩ ውስጥ 2.5 ሴንቲ ይገባል። የፊትና የጎን አግዳሚዎች ከፍታቸው እኩል አይደለም፤ እኩል ቢሆኑ ሁለቱ ቀዳዳዎች እግሩ ውስጥ ይገናኙና እዚያው ላይ ይሰበራል። አግዳሚዎቹን ከመግጠሜ በፊት ደግሞ እማዬ እንጀራ የምትጋግርበት ምድጃ በላይ ቆጡ ላይ ሁለት ሳምንት ሰቀልኳቸው። ከእግሩ ይበልጥ ደርቀው ትንሽ ይቀጥናሉ፤ በዚያው ልክ ይገጠማሉ፣ ከዚያ ከአየሩ እርጥበት ሲወስዱ ውስጥ ሆነው ያብጣሉ። ኮላ አድርጌበታለሁ፤ ጥብቀቱ ግን አብዛኛው ከዚህ ነው። ጀርባዋን ሰሌዳ 5 ሴንቲ ውፍረት ካለው እንጨት አወጣኋት፤ በመጋዝ ጎን ለጎን እስከ ጉብጠቱ መስመር ድረስ እየሰነጠቅሁ፣ በመሃል የቀሩትን ቁራጮች በመሮ እያስፈነጠርኩ። ሰጋቱራው ጉልበቴ ድረስ ደርሶ ነበር። ጫፎቿን በወይራ ችንካር ያዝኳቸው።

ከዚያ መቀመጫው መጣ። ዴንማርኮቹ የሚሠሩት ከወረቀት በተገመደ ገመድ ነው፤ ሌላው ዴንማርካዊ ሃንስ ወግነር ለነደፈው አንድ ወንበር ብቻ 120 ሜትር ገደማ ይሄዳል። እኛ ጋ ያ ገመድ የለም፣ ጠፍር ግን አለ። መንዝ ተወልደው ያደጉ አልጋ የሚጠፍሩ አባባ አገኘሁ። አንዱን የበሬ ቆዳ ከጠርዙ ጀምረው እየዞሩ ሳይበጠስ ቀጭን ጠፍር አወጡልኝ፤ 26 ሜትር ገደማ ሆነ። አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳደርነው። እሳቸው «ለአልጋ እንደማደርገው ልወጥረው?» አሉኝ። እኔም «አዎ አባባ፣ ጠበቅ ያድርጉት» አልኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወንበሩን የማውቀው እኔ ነኝ።

ሌሊት «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማለዳ ስነሳ የፊት አግዳሚው ወደ ውስጥ ጎብጧል፣ አንዱ ወንዴ ከእግሩ ውስጥ ተሰንጥቆ ብቅ ብሏል። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ኃይሉ ቀላል አይደለም። ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን በምራን የሚያስረው እኮ ለዚህ ነው! ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የአልጋ ቋሚ እንደ ክንድ ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል፤ የእኔ አግዳሚ 2.2 ሴንቲ ብቻ ነበር።

ጠፍሩን ፈታሁ። ከላይ መቀመጫውን የሚይዙትን አራቱንም አግዳሚዎች እንደገና ሠራሁ፤ ውፍረታቸውን 2.5፣ ቁመታቸውን 3.5 አደረግሁ። አባባን ለምኜ መለስኳቸው። በዚህ ጊዜ ከጠፍሩ ሥር መዳፌ እንደ ልብ እስኪገባ ድረስ ላላ አድርገው ጠፈሩት። ከመጀመራቸው በፊትም በፊትና በኋላው፣ በግራና በቀኙ አግዳሚ መካከል ሁለት ጠንካራ ዱላ መወጠሪያ አስገባሁ፣ እስኪደርቅ እንዲደግፍ። በየቀኑ በጣቴ እየመታሁ ድምፁን እሰማ ነበር። መጀመሪያ ዝም፣ በሦስተኛው ቀን ድብ ድብ፣ በስድስተኛው እንደ ከበሮ ጮኸ። ዱላዎቹን አወጣሁ። ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ቫርኒሽ አልቀባሁትም፤ የተልባ ዘይት በጨርቅ በስሱ አሸሁበት፣ ሩብ ሰዓት ቆይቼ የተረፈውን ጠረግሁ። በእኛ ብርድ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፣ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አደራ፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉት። ራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ዘርግቶ ደጅ ማስጣት ነው።

እማዬ አሁን ጠዋት ጠዋት በር ላይ አውጥታ ፀሐይ ትሞቅበታለች፤ ጠፍሩ ላይ የመንዝ ባና አጥፋ ጣል አድርጋበታለች። ስትነሳ ሁለት እጇን የፊት አግዳሚው ላይ ታደርግና ብድግ። ያን ቦታ ለእጅ ብዬ አላሰብኩትም ነበር፤ ቁመቱን የጨመርኩት ጠፍሩ ስለሰበረብኝ ነው። አሁን መዳፏ እዚያ ጋ እንጨቱን እያወዛው ነው።

የሁለተኛው ወንበር አራት እግሮች ተቆርጠዋል። ባለፈው ቅዳሜ ሲመዘኑ ከዚያ በፊት ከነበረው 40 ግራም ቀንሰዋል። ገና ናቸው።